ለድባቴና ለማይለቅ ድካም ምግብ፣ ፀሐይና እንቅስቃሴ እስከ ምን ድረስ ይረዳሉ?

የሳሪሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ታናሽ እህቴ ምክር ልጠይቃችሁ ነው። እህቴ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆን፣ ከዐቢይ ጾም መጨረሻ ወዲህ ጠባይዋ ተለውጦብናል። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ይከብዳታል፣ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ትጋደማለች፣ ትወደው የነበረውን የመዘምራን ልምምድ ትታለች፣ ስናናግራትም «ደክሞኛል» ከማለት በቀር ብዙ አትመልስም። እናታችን ደም አንሷት ነው ትላለች፤ አክስታችን ጠበል ትጠመቅ ትላለች፤ የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ የሽፈራው ዱቄትና ጥቁር አዝሙድ በማር አምጥታላት በየጠዋቱ እየወሰደች ነው። እሷ ራሷ የድባቴ መድኃኒት መጀመርን ትፈራለች፤ «አንዴ ከጀመርኩት አልላቀቅም» ባይ ናት።

ምግብን፣ ፀሐይን፣ እንቅስቃሴንና ባህላዊ ነገሮችን አልንቅም፤ ነገር ግን በእነዚህ ሊስተካከል የሚችለው የቱ እንደሆነ፣ ከዚያ ያለፈው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልንም። በሙያው ያላችሁ ሰዎች በዝርዝር ብትጽፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ባለላቦራቶሪው፦

እህቴ፣ ይህ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። እኔ በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ ስለሆንኩ ከማውቀው በኩል ልጀምር። የድካምና የድባቴ መልክ ስለሚመሳሰል፣ አንዱም ሌላውን ስለሚያስከትል፣ በዓይን በማየት ብቻ የሚለዩ አይደሉም። ስለዚህ «ምን ትብላ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ጎድሏት ይሆን?» የሚለው ይቅደም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያሳየው ቲኤስኤች፣ የደም ስኳርና የሰገራ ምርመራ ቢታዘዝላት አብዛኛውን ጥርጣሬ ያጠራል። እንደ ሁኔታው የእርግዝና፣ የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ሊታከል ይችላል፤ ይህን ሐኪሙ ይወስናል።

በተለይ ፌሪቲንን እንዳትዘነጉት አደራ እላለሁ። ብዙ ሰው «ሄሞግሎቢንሽ ደህና ነው» ሲባል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ሄሞግሎቢን የሚነግረን በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ያለውን ብረት ሲሆን፣ ፌሪቲን ግን በጎተራ የቀረውን የብረት ክምችት ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ ሄሞግሎቢኑ ለጊዜው ላይወርድ ይችላል፤ ሰውዬው ግን በዚያው ወቅት መድከም፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ፣ ሐሳቡን መሰብሰብ አለመቻል ይጀምረዋል። ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛው፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ጉድለቱ ሊደበቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል፣ ለቆላ ሰው በወጣው መመዘኛ «ደህና ነው» የተባለው ቁጥር ለደጋ ሰው ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪማችሁን ብትጠይቁት አይከፋውም።

የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስም ድካም፣ የብርድ ስሜት፣ የሆድ ድርቀት፣ የክብደት መጨመርና ከድባቴ ጋር ፈጽሞ የሚመሳሰል መፍዘዝ ያመጣል። ይህ በሽታ በሽፈራውም ሆነ በማር አይድንም፤ የጎደለው ሆርሞን በመድኃኒት መተካት አለበት።

ሥነ_ምግብ፦

ከላይ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እኔ በምግቡ በኩል ልቀጥል።

ጤፍ ብረት ስላለው እንጀራ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም የሚለው እምነት በጣም የተስፋፋ ነው። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው ግን እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈር ጋር የሚቀላቀል ነው፤ በላቦራቶሪ ይለካል እንጂ አንጀት እንደ ልብ አይወስደውም። እህሉ ራሱ የያዘው ብረት ደግሞ ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር የታሰረ ነው። እዚህ ላይ የእናቶቻችን አሠራር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ብረቱም በተሻለ ሁኔታ ይለቀቃል። በችኮላ በዕለቱ የሚጋገር እንጀራ ይህ ጥቅም ይቀርበታል።

ቀጥሎ ቡና አለ። ከምሳ በኋላ ሳህኑ ሳይነሳ ረከቦቱ መቅረቡ የተለመደ ነው፤ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ለሚበላ ሰው ግን ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ቡናው ምግብ ከመበላቱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን መቀነሱ አብሮ ሲጠጣ ከታየው አልተለየም። ስለዚህ «ትንሽ ቆይቼ እጠጣለሁ» ማለት አይበቃም፤ ቡናው ከምግብ አስቀድሞ ወይም ሁለትና ሦስት ሰዓት ርቆ ቢጠጣ ይሻላል። እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚፈላው ቡና ራሱ አንዱ የድካም ምንጭ ነው፤ ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋልና።

የምስር ወጥ ሲበላ ጥሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣ ወይም የሎሚ ጭማቂ አብሮ ቢቀርብ ቫይታሚን ሲው የብረቱን መመጠጥ ከፍ ያደርገዋል። ቃሪያውን አብስሎ ማቅረብ ግን ከዚህ ጥቅም ጥቂቱን ያሳጣል፤ ጥሬውን በሽንኩርት ሞልቶ ማቅረብ ለዚህ የተመቸ ነው።

ወደ ድባቴው ስንመጣ፣ ምግብ የተመረመረ ድባቴን ያቃልላል ወይ ለሚለው ጥያቄ በቀጥታ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት ሥራዎች የሚታወቀው በአውስትራሊያ በፌሊስ ጃካ የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ነው። መካከለኛና ከባድ ድባቴ የነበረባቸው 67 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለ12 ሳምንት በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዙ አመጋገባቸውን አስተካከሉ፤ ሌሎቹ ለዚያው ያህል ጊዜ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 32 በመቶ ያህሉ፣ ከሁለተኞቹ ደግሞ 8 በመቶ ያህሉ ከሕመሙ ወጥተው ተገኙ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ ትንሽ ነበር፣ ተሳታፊዎቹም በየትኛው ወገን እንዳሉ ያውቁ ነበር፣ አብዛኞቹም መድኃኒት ወይም የንግግር ሕክምና ላይ የነበሩ ናቸው። ምግቡ በሕክምናው ላይ ተጨመረ እንጂ ሕክምናውን አልተካም። ይህን ነጥብ ብዙ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎች ሳይጠቅሱት ያልፋሉ፤ እኔም በዚህ አዝናለሁ።

ሰዎቹ የተመገቡት ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ነበር፤ የቀነሱት ደግሞ ጣፋጭ፣ ጥብሳ ጥብስና የለስላሳ መጠጥ። ይህን ስናይ ከእኛ ማዕድ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ቆሎ ሁሉ ከዚያው ዘር ናቸው። በከተማ የሚጎዳን ይህን ትተን በነጭ ዳቦ፣ በስኳር በታጨቀ ሻይና በብስኩት መዋላችን ነው። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀትር ላይ ሳምቡሳ፣ ማታ ደክሟት ሳትበላ ብትተኛ፣ የማይደክምበት አካል የላትም።

የአያቴ_ጓሮ፦

ሁላችሁም ስለ ላቦራቶሪና ስለ ፈረንጅ ጥናት ጻፋችሁ፤ እኔ ደግሞ በሌላው ወገን የቆመውን ሰው ሐሳብ ላቅርብ። በእኔ ቤት ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ከጓሮ ጠፍተው አያውቁም፤ ያደግነውም በእነሱ ነው። ብዙ ሰው ወደ እነዚህ የሚያዘነብለው ባለማወቅ አይደለም። አንድ ጊዜ የቅርብ ዘመዴን ወደ አንድ ጤና ተቋም ይዤ ሄጄ፣ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት መድኃኒት ጽፎ ሸኛት፤ የባህል ሐኪሙ ግን ተቀምጦ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደሞተባት፣ እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ ጠይቋት ነበር። ሰው የሚሄደው ወደሚሰማው ነው። በተጨማሪም በኮንሶና በጋሞ የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ የዘወትር ምግብ ነው፤ የእህታችን ባልደረባ ዱቄቱን ማምጣቷ እንደ ነውር መቆጠር የለበትም። ተፈጥሮ የሰጠንን ከመናቃችን በፊት በአግባቡ ብናጤነው መልካም ነው።

ፋርማሲስት፦

ወንድሜ፣ የጻፍከው ስለ መደመጥ እውነት ነው፤ ማንም ባለሙያ ሊያነበው የሚገባ ነው። ሽፈራውንም እንደ ምግብ የሚቃወም ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ምግቡ መድኃኒት ተብሎ ሲሸጥና ሰውዬው ሕክምናውን ሲተውለት ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ልንተወው እንደሚገባ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሴንት ጆንስ ወርት የተባለውን ዕፅ በክኒን መልክ እየገዙ ወደ አገር ቤት ይልካሉ። ዕፁ ባዶ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ግምገማ 29 ጥናቶችና 5,489 ሕሙማን ተጠቃለው፣ ለቀላልና መካከለኛ ድባቴ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ ዕፅ በጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግደውን ሥርዓት ያፋጥናል። በዚህ ምክንያት የእርግዝና መከላከያ ክኒን ኃይሉ ይቀንሳል፤ የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ይዳከማል፤ በአገራችን በስፋት የሚሰጠው የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር መጠኑ ይወርዳል። ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን የሚያስከትል አደገኛ ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ እህትሽ የምትወስደውን ሁሉ፣ ማሩንና ዱቄቱንም ጭምር፣ ለሐኪሟ ትንገር። ጤና አዳምን በተመለከተ፣ በቡና ውስጥ እንደ ቅመም ቅንጣት መጨመር አንድ ነገር ነው፤ አብዝቶ ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ፈጽሞ ልትርቀው ይገባል፤ ማኅፀንን ያነቃቃልና።

መምህር_ዘሰንበት፦

ስለ ጾሙ ጉዳይ የሚጽፍ ስላላየሁ ነው የገባሁት። እኅታችን ድካሙ የጀመራት በዐቢይ ጾም መጨረሻ መሆኑን ጽፋለች። ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾም ሰው፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትንና ሐዋርያትን ሲጨምር በዓመት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቆ ይቆያል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው አንድ ጾም ብቻውን ጉድለት አያመጣም፤ ችግሩ የሚመጣው በፍስክ ቀናትም ወተትና እንቁላል መግዛት በማይቻልበት ቤት ነው፤ ዛሬ በብዙ ቤት ያለው ሁኔታም ይህ ነው። ጉድለቱ ሲበረታ ድካም፣ የመርሳት ችግር፣ የእግርና የእጅ መደንዘዝ፣ የመንፈስ መጨለም ያስከትላል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎችም ይህ ቫይታሚን ስለሚቀንስባቸው ጿሚ ከሆኑ በተለይ ሊመረመሩ ይገባል።

ጾምን መተው የምመክር ሰው አይደለሁም። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ጾሙን የሚያቀልበት ሥርዓት በቤተ ክርስቲያናችን እንዳለ ግን ብዙዎች ይዘነጋሉ ወይም ለመጠየቅ ያፍራሉ። በክኒን የሚሰጠው ቢ12 በባክቴሪያ አማካይነት የሚመረት ስለሆነ ከእንስሳ የተገኘ አይደለም፤ በዚህ የሚጨነቅ ካለ አይጨነቅ። ሌላው ደግሞ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሎ በቀጭን ሽሮ ጥቂት እንጀራ ቀምሶ መተኛት ሰውነትን ይጎዳል። ማዕዱ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጎመን፣ ተልባ ያለበት ቢሆን ጾሙ ራሱ ሳይጓደል ሰውነቱም ይጠገናል።

ጠበልን በተመለከተ፣ ጠበል መጠመቅ መድኃኒት እንድታቆም የሚያስገድድ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ምክንያት አይታየኝም።

ሥነ_ምግብ፦

መምህር ተልባን ስላነሱ አንድ ማስተካከያ ልጨምር። በተልባ ውስጥ ያለው የኦሜጋ 3 ዓይነት በሰውነት ውስጥ በዓሣ ወደሚገኘው ዓይነት የሚለወጠው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ስለ ድባቴ የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ አብዛኞቹ በዓሣው ዓይነት ላይ ናቸው። ስለዚህ ተልባ ለሆድ ድርቀትና ለልብ መልካም ምግብ ሆኖ ሳለ የድባቴ መድኃኒት ነው ብሎ መስበክ አይገባም። የኑግ ዘይት ደግሞ በብዛት ኦሜጋ 6 ነው።

ቫይታሚን በጅምላ መዋጥን በተመለከተም መረጃው ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የአውሮፓ ጥናት 1,025 ለድባቴ የተጋለጡ ሰዎች ኦሜጋ 3፣ ሴሊኒየም፣ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ዲ ያለበት ድብልቅ ወይም ማስመሰያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ድብልቁ ድባቴን አልተከላከለም። በ2020 በአሜሪካ በ18,353 ሰዎች ላይ በታተመው ጥናትም በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ከአምስት ዓመት በላይ ተወስዶ ልዩነት አላመጣም። ያልጎደለውን ቫይታሚን መጨመር አይጠቅምም፤ የጎደለውን መተካት ግን ሕክምና ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ደግሞ በምርመራ ነው።

ስቶክሆልም_በክረምት፦

በውጭ ያለን ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለን። በታኅሣሥ ወር እዚህ ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ብዙዎቻችን ጨለማ ውስጥ ወደ ሥራ ሄደን ጨለማ ውስጥ እንመለሳለን። በየክረምቱ እየመጣ በጸደይ የሚለቀውን ድባቴ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 በሕክምና ጽሑፍ ገልጸውታል። ከሕክምናዎቹ አንዱ ጠዋት ጠዋት በ10,000 ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) መብራት ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው፤ ወደ መብራቱ አፍጥጦ መመልከት አያስፈልግም፣ ቁርስ እየበሉ ወይም እያነበቡ መቀመጥ ይቻላል። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም አንዳንድ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ፍንደቃና እንቅልፍ ማጣት የሚያጋጥመው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች በሰሜን አገሮች ክረምት ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ማግኘት አንችልም፤ ስለዚህ ማስመርመርና ከጎደለ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት በላይ መውሰድ ለኩላሊት አደጋ አለው። ለአዲስ አበባ ሰው ፀሐይዋ ደጅ ላይ ናት። ጠዋት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ በእግሯ ብትሄድ እህትሽ ብርሃኑንም እንቅስቃሴውንም በአንድ ጊዜ ታገኛለች።

ከጂዳ፦

የሁላችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩ። በሰው ቤት ለምንሠራ ሴቶች ግን ምግብ መምረጥም ደጅ መውጣትም በእጃችን አይደለም። እኔ በነበርኩበት ቤት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በፊት መተኛት አይፈቀድም ነበር፤ ለአምስት ሰዓት ብቻ ተኝታ ከምትነሳ ሴት ድካምን በምን ቫይታሚን ማስወጣት ይቻላል? ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከብቸኝነትና ከሚደርስ በደል የሚመጣ ድባቴ አለና ለእህታችሁም «ምን ትበላለች?» ብቻ ሳይሆን «ምን ደረሰባት?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

የአእምሮ_ጤና_ነርስ፦

የጂዳዋ እህታችን የጻፈችው ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል፤ ጥያቄዋም ትክክለኛ ነው። እኔ በጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ላይ የምሠራ ነኝ። ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች «ድባቴ ይዞኛል» ብለው አይመጡም፤ ራስ ምታት፣ የሰውነት መቃጠል፣ የልብ መምታት፣ ድካም ብለው ነው የሚመጡት፤ ለወራት ስለ ታይፎይድና ስለ ጨጓራ ሲታከሙ የቆዩም አሉ። ስንጠይቃቸው ግን ሐዘን፣ ዕዳ፣ በትዳር ውስጥ ድብደባ ወይም የወሊድ ማግስት ይገኛል።

ልጠይቅሽ፣ እህትሽ ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ስሜቷ ወርዶ ወይም በምንም ነገር መደሰት አቅቷት ቆይታለች? ከዚህ ጋር የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የጉልበት፣ ሐሳብን የመሰብሰብ ለውጥ፣ ራሷን እንደማትረባ መቁጠር አለ? በጤና ጣቢያ የምንጠቀምበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፣ ሕመሙ ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን ለማመልከት ይረዳል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብን ይመለከታል። እባክሽን በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይከትባትም። «መሞት ይሻለኛል» የምትል፣ ምግብና ውኃ የተወች፣ ወይም ያልነበረ ድምፅ የምትሰማ ከሆነ ምግብና ፀሐይ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም፤ ብቻዋን ሳትተዋት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ።

ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ ግን በእጃችን ብዙ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ግምገማ 218 ጥናቶችና 14,170 ሰዎች ተጠቃለው፣ የእግር ጉዞና ሶምሶማ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና ዮጋ ለድባቴ በግልጽ የሚረዱ ሆነው ተገኝተዋል። ችግሩ የታመመ ሰው «ተነሺና ተንቀሳቀሺ» ሲባል አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የምንሠራው፣ ትታው የነበረውን ነገር በጣም በትንሹ ቆርሰን መመለስ ነው። ለእህትሽ «ወደ መዘምራን ተመለሽ» አትበያት፤ «እሑድ አብረን ሄደን ልምምዱን ከውጭ ሆነን ሰምተን እንመለስ» በያት። ፍላጎቱ ከመጣ በኋላ አይደለም የምትሄደው፤ ስትሄድ ነው ፍላጎቱ ቀስ እያለ የሚመጣው። «ስንፍና ነው» የሚል ቃል ደግሞ ከቤታችሁ ይውጣ።

መድኃኒቱን መፍራቷ ይገባኛል። እንደ ፍሎክሰቲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ሥራቸውን ለመጀመር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊኖር ይችላል፤ ከዳኑ በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላሉ፤ ሲቆሙም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቆማሉ። በድንገት ሲቆሙ የሚመጣው መረበሽ ነው ብዙውን ሰው «ተላምዶኛል» ያሰኘው።

ሐረርጌው፦

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይታለፍ። ወንድሞቻችን ድካም ሲሰማቸው ጫት ይቅማሉ፤ ምርቃናው ሲበርድ ከመጀመሪያው የባሰ መውደቅ፣ እንቅልፍ ማጣትና ዱካክ የሚባለው ቅዠት ይመጣል፤ በማግስቱ ያንን ለማባረር እንደገና ይቅማሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ድባቴው ከማከም በፊትም ሆነ አብሮ ስለ ጫቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አልኮልም እንዲሁ ነው።

የሳሪሷ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ይዣት ሄጄ ተመረመረች። የእንቅርት ዕጢዋና ስኳሯ ደህና ነው፤ ቢ12ም ዝቅተኛ ቢሆንም ጎደለ የሚባል አይደለም ተብላለች፤ ፌሪቲኗ ግን በጣም ወርዷል። መጠይቁንም ሞልታ መካከለኛ ድባቴ አለባት ተብሏል፤ የመሞት ሐሳብ እንደሌላት በግልጽ ጠይቄያት ነግራኛለች። ባለፈው ዓመት የሞተው እጮኛዋ ሐዘን በቤታችን ተሸፍኖ እንደቆየም ያወቅሁት ነርሷ ስታናግራት ነው። ለጊዜው የንግግር ክትትል ጀምራለች፤ መድኃኒቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ያዩታል። የብረት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ታዝዞላት ነበር፤ ሆዷን እያቃጠለ ስላስቸገራት ልትተወው ነው። ምን እናድርግ?

ፋርማሲስት፦

አትተወው፤ ወደ አዘዘላት ሐኪም ተመልሳችሁ አወሳሰዱ እንዲስተካከል ጠይቁ። ብረት ስንወስድ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን አንድ ቀን ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ቀጥሎ የሚወሰደው ብረት በደንብ አይመጠጥም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰዎች አንድ ክኒን በየሁለት ቀኑ እንዲወስዱ ይደረጋል፤ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚመጠጠው ይጨምራል፣ የሆድ ማቃጠሉም ይቀላል። ባዶ ሆድ ላይ ካቃጠላት ከጥቂት ምግብ ጋር ትውሰደው፤ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ይስማማል፣ ከቡና፣ ከሻይ፣ ከወተትና ከጨጓራ መድኃኒት ግን ይራቅ። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ የክኒኑ ባሕርይ ነው። ክኒኑ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ለሕፃን ጥቂት ክኒኖች እንኳ ሕይወት የሚያሰጉ ናቸው።

ደኅና ነኝ ባለች ማግስትም አታቁመው፤ ክምችቱ እስኪሞላ ጥቂት ወራት ይፈልጋል፤ ከዚያም ፌሪቲኗ እንደገና ይለካ። ብረቱ ለምን እንዳለቀ ካልታወቀ ግን ተመልሶ ያልቃል። በሰገራ ምርመራው የመንጠቆ ትል ካልተገኘ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ይመርመር፤ የወር አበባዋ የሚበዛና የሚረዝም እንደሆነ ደግሞ ሐኪሟ ካልጠየቃት ራሷ ታንሳው።